የሚጠፋው ውሃ

ኮሮላዬ በየሦስት ቀኑ ግማሽ ሃይላንድ ውሃ መጠጣት ስትጀምር ማታ ከሥሯ ካርቶን አንጥፌ አሳደርኳት። ጠዋት ካርቶኑ ደረቅ ነው። ራዲያተሩ ጋ ጠብታ የለም፤ የውሃ ፓምፑም የጎማ ቱቦዎቹም ደህና ናቸው። ካልፈሰሰማ ምን ቸገረኝ ብዬ ሁለት ወር ሙሉ የቧንቧ ውሃ እየሞላሁ ነዳኋት። ዛሬም ከሁሉ የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

ምልክቱ እኮ ነበር። ጠዋት ስትነሳ ትንሽ ትንገጫገጭና ነጭ ጭስ ትለቃለች። የአዲስ አበባ ብርድ ነው እያልኩ ራሴን አታልላለሁ። የብርድ እንፋሎት ግን ሞተር ሲሞቅ ይጠፋል፤ የኔው ከሳር ቤት ተነስቼ ሜክሲኮ ስደርስም ይከተለኝ ነበር። አንድ ጋራዥ የራዲያተር መድፈኛ ዱቄት ጨመረበት። ሌላው ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን የሚያግደውን ቴርሞስታት ነቅሎ «ለሀገራችን አየር አያስፈልግም» አለኝ። የሙቀቱ መርፌ ወረደ፣ እኔም ተኛሁ።

ያጋለጣት የዓባይ በረሃ ነው። ወደ ደጀን የሚወጣውን ዳገት ሳጋምስ መርፌው ሽቅብ ተነሳ። ሙቀቱን እንዲቀንስልኝ በዚያ ሐሩር ሂተር ከፈትኩ፤ የሚነፋው ምንም ሙቀት የለውም። ሂተር የሚሞቀው በሞተሩ ውሃ ነው፤ እሱ ካልሞቀ ውሃው አልቋል ወይም አየር ገብቶበታል። ሞተሩን አጥፍቼ፣ የራዲያተሩን ክዳን ሳልነካ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆምኩ። አዲስ አበባ የተመለሰችው በአይሱዙ ተጭና ነው።

በሰው በሰው የደረስኩባቸው ሽማግሌ መካኒክ ጋ ስሄድ አዋቂ ለመምሰል ሞከርኩ። «ጋሼ፣ ዘይቱን አይቼዋለሁ፤ ማኪያቶ አልመሰለም። ስለዚህ ጓርኒሲዮን አይደለም።» ጓርኒሲዮን ማለት በሞተሩ የላይኛው ክፍል (ቴስታታው) እና በታችኛው (ብሎኩ) መካከል ያለው ማሸጊያ ነው።

ሳቁብኝ። «ማኪያቶ የሚሆነው እኮ ውሃው ዘይት ውስጥ ሲገባ ነው ልጄ። ያንተ ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ በጭስ ማውጫ እየወጣ ቢሆንስ?»

ማታ ራዲያተሩ ላይ የግፊት መሞከሪያ አስረው አንድ ባር ያህል ሞሉት። ጠዋት መርፌው ወርዷል፤ መሬቱ ግን ደረቅ ነው። ነዳጁን የሚያቀጣጥሉትን አራት ካንዴላዎች ፈቱና ጨርቅ ላይ ደረደሯቸው። ሦስቱ ቡናማ ናቸው፤ የሦስተኛው ሲሊንደር ካንዴላ እንፋሎት አጥቦት እንደ አዲስ ነጭ ሆኗል። «በል ቁልፉን አዙር» አሉና ከኮፈኑ ዞር አሉ። ሳዞር ከዚያው ቀዳዳ ውሃ ተፈናጥሮ የተከፈተውን ኮፈን መታው። ሁለት ወር የፈለግኩት ውሃ እሱ ነው።

ቴስታታው ሲወርድ ጓርኒሲዮኑ በሦስተኛው ሲሊንደርና በውሃ መንገዱ መካከል ተበልቷል። ቴስታታው አሉሚኒየም፣ ብሎኩ ብረት ነው፤ አሉሚኒየም በሙቀት ከብረት ሁለት እጥፍ ገደማ ይለጠጣል፤ ስለዚህ ሞተር ሲፈላ የሚጣመመው ቴስታታው ነው። ለዚህ ሞተር የሚፈቀደው መጣመም 0.05 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የኔው ከዚያ አልፎ ስለነበር ማሽን ቤት ሄዶ ተላገ፤ ስንጥቅ ይኖረው እንደሆነም በግፊት ተፈተሸ። ገንዘብ ለመቆጠብ ይህን ልዘል ብዬ ነበር፤ ጋሼ «እንግዲያው ከሦስት ወር በኋላ ተመለስ» አሉኝ።

ቡሎኖቹን በስሜት ሳይሆን የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቶርክ መፍቻ፣ ከመሃል ወደ ዳር እየሄዱ አሰሩ። መጀመሪያ 29 ኒውተን ሜትር፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ 90 ዲግሪ። ራዲያተሩ ሲከፈት ግማሹ በዝቃጭና በዚያ ዱቄት ተደፍኗል። እሱን ሳንቀይር ጓርኒሲዮን ብቻ ብናስገባ ኖሮ እንደገና ትፈላ ነበር። ቴርሞስታቱ ተመለሰ፣ ዘይቱ ተቀየረ፣ ኩላንት ከተጣራ ውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ ተሞላ። አየሩ እስኪወጣ ሂተር ከፍተን፣ ክዳኑን ሳንገጥም ረጅም ጊዜ አስነሳናት።

አሁን መኪና ልገዛ ነው የሚለኝ ሰው ካለ ሞተሩ ሳይሞቅ እንዲያየው እነግረዋለሁ። ብዙ ሻጭ አሙቆ ነው የሚጠብቀው። ቀዝቃዛው ሞተር ተነስቶ ደቂቃ ሳይሞላ የራዲያተሩ የላይኛው ጎማ እንደ ድንጋይ ከጠጠረ የሲሊንደር ግፊት ወደ ውሃው እየገባ ነው።

ሃይላንዱ አሁንም ከኋላ ኮፈን ውስጥ አለ። ባለፈው ሳምንት ዓባይን ደግሜ ወጣሁ፤ ደጀን ላይ እጄን ታጠብኩበት።