ከረጢቱን አዘግዩት፦ ለጀማሪዎች ቡጢና የእግር ሥራ ያስተማርኩበት መንገድ

ጀማሪ ቦክሰኞችን ልታሰለጥኑ ከሆነ ለእኔ ማንም ያልነገረኝን ልንገራችሁ። ሰልጣኙን ወደ ከረጢት፣ ማለትም ተንጠልጥሎ በቡጢ ወደሚመታው የልምምድ ከረጢት፣ ለማድረስ አትቸኩሉ። ከረጢት ላይ የተለመደን ብልሽት ማስተው አዲስ ነገር ከማስተማር የበለጠ ያደክማል።

አቋቋሙ አያስቸግርም። ቀኝ እጁ የሚቀናው ግራ እግሩን ያስቀድማል፣ ግራኝ ከሆነ በተቃራኒው። በእግሮቹ መሀል የትከሻ ስፋት ያህል ይኑር፤ የኋላው ተረከዝ ትንሽ ይነሳ፤ ጉልበት ይላላ፤ አገጭ ዝቅ ይበል። እርምጃውም ቀላል ነው፦ ወደሚሄድበት አቅጣጫ የሚቀርበው እግር ይቀድማል፣ ሌላው በዚያው ልክ ይከተላል። እግሮቹ አይጠላለፉም፣ አይገጣጠሙም። ወለሉ ላይ በፕላስተር መስመር አበጅቼ የፊተኛው እግር ከመስመሩ በአንድ በኩል፣ የኋላው በሌላው በኩል እንዲውል አደረግሁ። ሁለቱም መስመሩ ላይ ያረፉበትን ልጅ ትከሻውን በቀስታ ገፋ ሳደርገው ይንገዳገዳል፤ ከዚያ በኋላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ጃብንም፣ ማለትም የፊተኛውን እጅ ቀጥታ ምት፣ ከእርምጃው ጋር አያይዤ አስተማርኩ፣ ያለ ብዙ ችግር ገባቸው።

ያንገበገበኝ የኋላው እጅ ቀጥታ ምት ነው፣ ክሮስ የምንለው። በወሰድኩት የአሰልጣኞች ኮርስ የተሰጠን ትእዛዝ በቁጥር አስቆጥሩ የሚል ነበር፦ አንድ ሲባል ተረከዝ ይዞራል፣ ሁለት ሲባል ዳሌ፣ ሦስት ሲባል ትከሻ፣ አራት ሲባል እጅ። ልጆቹ ተረከዛቸውን አሳምረው ያዞራሉ፤ እጁ ግን ብቻውን ዘግይቶ ይመጣል፣ ጉልበት የለውም። ተረከዝ የሚዞረው እግር መሬቱን ስለገፋና ዳሌው ስለተከተለ ነው። ግፊቱ ሳይኖር ዙረቱን ብቻ ማስጠናት ውጤቱን ከምክንያቱ ማስቀደም ነው። ይህን ለኮርሱ ኃላፊ ብናገር ‘መመሪያው ላይ ያለውን አስተምር’ ተባልኩ።

በዚህ መሀል የክለቡ ኃላፊ ለወላጆች የሚታይ ነገር ፈለገ። ‘ከረጢት ሲመቱ ካልታዩ ምን ተማሩ ይባላል?’ አለኝ። ገና ናቸው ብዬ ብነግረውም አልሰማኝም፤ ልጆቹን አሰልፎ ከረጢት አስመታቸው። ከረጢት ደግሞ ይደግፋል። ሰውነቱን ወደፊት የጣለ ሰው ከረጢቱ ላይ ያርፍና የመታ ይመስለዋል። የኋላ እግሩ ከመሬት ይነሳል፣ ጭንቅላቱ የፊት ጉልበቱን ያልፋል፤ ድምፁ ግን ስለሚያስተጋባ ተመልካቹ ያጨበጭባል። አንደኛው ልጅ እጁን በሰፊው አዙሮ ሲወረውር በትንሿ ጣት በኩል አረፈበትና ከጣቷ አንጓ በታች ያለው አጥንት ተሰበረ። ኃላፊው ‘ፋሻው ላልቶ ነው’ አለ። እስከ ዛሬ ያናድደኛል! ፋሻውን ያሰርኩት እኔ ራሴ ነኝ፤ ደግሞም ፋሻ እጅን ይደግፋል እንጂ በተሳሳተ አንጓ የሚያርፍን ቡጢ አያቃናም። ቡጢ በጠቋሚና በመሀል ጣት አንጓዎች፣ የእጅ አንጓ ሳይታጠፍ ማረፍ አለበት።

ከዚያ በኋላ በራሴ መንገድ ሄድኩ። ሰልጣኙ ምቱ በሚያልቅበት አቋም ቆሞ ቡጢውን ግድግዳ ላይ ያስደግፍና በኋላ እግሩ ጣቶች ሥር መሬቱን ይግፋ። ግፊቱ ከወለል ተነስቶ በዳሌና በትከሻ አልፎ ሁለቱ አንጓዎች ላይ ሲደርስ ራሱ ይሰማዋል። ቀጥሎ ፓድ፣ ማለትም አሰልጣኙ በእጁ አጥልቆ የሚያስመታበትን ትራስ፣ እይዝለታለሁ፤ ሊያርፍ ሲል አንዳንዴ ፓዱን እነጥቀዋለሁ። ወደፊት ከተደፋ ክብደቱን አሳልፎ ሰጥቷል ማለት ነው፤ እንደገና ይጀምራል። ይህን ሲያደርግ በዝግታ ይሁን፤ ኃይል ገና አልጠይቅም። ከእያንዳንዱ የምቶች ጥምረት በኋላ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ይወጣል፣ መትቶ መቆም የለም።

ገመድ ዝላይ የእግር ሥራ ያስተምራል የሚሉኝንም አልቀበልም። ትንፋሽና የእንቅስቃሴ ሪትም ያስይዛል፤ ነገር ግን ገመድ ላይ እግሮች ተጠጋግተው ነው የሚዘሉት፣ ሪንግ ውስጥ ደግሞ እንደዚያ የቆመ ይወድቃል። ዩክሬናዊውን ቦክሰኛ ቫሲል ሎማቼንኮን አባቱ በልጅነቱ ወደ ዩክሬን ባህላዊ ጭፈራ እንደላከው ይታወቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 እና በ2012 የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘው ያ እግር ነው፣ ጭፈራ ደግሞ እግርን በየአቅጣጫው ያንቀሳቅሳል።

ጉልበት ጉልበት ለሚሉ ኃላፊዎች ደግሞ የዳኝነቱን ሕግ አሳዩአቸው። በአማተር ውድድር ነጥብ የሚያስገኘው በተጨበጠ ጓንት አንጓ በኩል፣ ሳይመከት በፊትና በጎን የጭንቅላት ክፍል ወይም በላይኛው አካል ላይ ያረፈ ምት ነው። በአዋቂዎች ውድድሩም የ3 ደቂቃ 3 ዙር ነው፤ በ3ኛው ዙር እግሩ የሞተበት ልጅ እጁ ከተቀናቃኙ አይደርስም።

ስፓሪንግ፣ ማለትም የልምምድ ፍልሚያ፣ ስታስጀምሩ በ16 አውንስ ጓንት፣ በጃብ ብቻ ይሁን። ስልክ ካላችሁ ከወገብ በታች ብቻ ቅረጹና ለልጆቹ አሳዩአቸው፤ እጃቸው በምስሉ ውስጥ ከገባ እሱን ብቻ ነው የሚያዩት።