ኃይል ፈልጌ ጥርስ ቀነስኩ

ታኅሣሥ ነው፤ ጀምበር ልትጠልቅ ስትል። ከሐረር ወደ ድሬዳዋ እየተመለስኩ የዴንጌጎን ተራራ ቁልቁለት ወርጄ ጨረስኩና ሜዳው ላይ ጋዙን እስከ ጥጉ ሰጠሁት። መንገዱ ጭር ብሏል። ብርዱም ደስ ይላል። ስድስተኛ ማርሽ ገብቶ ትንሽ እንደበረረ የሞተሩ ድምፅ ቀጠነ። ቀጥሎ የኋላ ጎማዎቹ ቀጥ አሉ። ፍሪሲዮን የያዝኩት አስቤ አይደለም፤ እጄ ራሱ ነው የያዘው። ያ ባይሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

ሞተሩ ነክሷል፤ ፒስቶኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ቀርቷል።

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር የባጃጅ መለዋወጫ እሸጣለሁ። ስለ ሞተር አውቃለሁ ብዬ የማስብ ሰው ነበርኩ። ጥፋቱም እዚያ ላይ ይጀምራል። የነከሰው ሞተር የባጃጅ አልነበረም። ያማሃ ብላስተር የሚባል ባለአራት ጎማ የስፖርት ሞተር ነው፤ እኛ ኳድ የምንለው። ያማሃ ከ1988 እስከ 2006 በፈረንጆች አቆጣጠር ሠርቶታል። አንድ ሲሊንደር፣ 195 ሲሲ፣ ቱ ስትሮክ (ፒስቶኑ ወጥቶ በወረደ ቁጥር የሚያቀጣጥል)፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ በእግር የሚነሳ። የአክስቴ ልጅ ጅቡቲ ከአንድ ፈረንሳዊ ገዝቶት፣ ሲሰለቸው ለእኔ ሸጠልኝ። የቀረጡን ነገር ባላነሳው ይሻላል።

ጅቡቲ የባሕር ዳር አሸዋ ላይ ስነዳው በርሮ ነበር። ድሬ ሲደርስ ግን ሳል ያዘው። ጋዝ ስሰጠው ያጉረመርማል፣ ይታፈናል፣ ካንዴላው በሁለት ቀን ጥቁርና እርጥብ ይሆናል። ሱቄ የመጣ ሰው ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ ትልቅ ካርቡራተር ይላል። አንዱ ሲሊንደሩን አስፋው ይላል። አንዱማ ሽጠውና ባንሺ ግዛ አለኝ። ባንሺ የብላስተር ታላቅ ወንድም ነው፤ ሁለት ሲሊንደር፣ 347 ሲሲ። ምክር ነጻ ነው፣ ባንሺ ግን ነጻ አይደለም።

እኔ የመረጥኩት ማርሚታ፣ የጭስ ማውጫውን፣ መቀየር ነበር። በዘመድ በኩል ከዱባይ አስመጣሁት። ሆዱ ያበጠ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ለውድድር የተሠራ። ሱቅ ውስጥ ሳስቀምጠው ሰው ፎቶ ይነሳበት ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ያኔ ያላወቅኩትና ዋናው ነገር ይህ ነው። የቱ ስትሮክ ማርሚታ ጭስ ማውጫ ብቻ አይደለም። ገደል ማሚቶ ነው። ገደል ፊት ቆመህ ስትጮህ ድምፅህ ሄዶ፣ መትቶ፣ ተመልሶ ይመጣል አይደል? ሞተሩም እንደዚያው ነው። ጭሱ ሲወጣ የግፊት ማዕበል ይዞ ይሄዳል። ማዕበሉ ማርሚታው መጨረሻ ላይ የሚጠበውን ግድግዳ መትቶ ይመለሳል። በዚህ መሀል ከሲሊንደሩ አምልጦ የወጣ ያልተቃጠለ ቤንዚንና አየር አለ። ተመላሹ ማዕበል ያንን ገፍቶ መልሶ ያስገባዋል፤ ወዲያው ፒስቶኑ በሩን ይዘጋል። የቱ ስትሮክ ጉልበት ከዚህ ነው የሚመጣው።

ነገር ግን ማሚቶው ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ በማርሚታው ርዝመት ይወሰናል። ሞተሩ ደግሞ አንዴ ቶሎ አንዴ ቀስ ብሎ ይዞራል። ስለዚህ ማሚቶው ልክ በሰዓቱ የሚደርሰው ለተወሰነ ዙር ብቻ ነው። አጭር ማርሚታ ቶሎ ይመልሳል፤ የሚስማማው ለከፍተኛ ዙር ነው። ረጅሙ ዘግይቶ ይመልሳል፤ ለዝቅተኛው ይሆናል። ማርሚታ ስትገዛ ጉልበቱ የት ላይ እንዲመጣ እንደምትፈልግ ነው የምትመርጠው። እኔ የመረጥኩት በማብረቅረቁ ነበር።

የእኔ መንገድ ደግሞ ምን ዓይነት ነው? ደቻቱ ወንዝ ውስጥ ድንጋይና አሸዋ። ከዚያ ወደ ተራራው የፍየል መንገድ፣ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚኬድበት፣ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ። አዲሱ ማርሚታ እዚያ ሙት ነው። እየገፋሁት እየለመንኩት እወጣለሁ። ዙሩ እንደምንም ከፍ ሲል ድንገት ይፈነዳል፤ የፊት ጎማዎቹ ወደ ሰማይ። አንድ ቀን እንደዚያ አድርጎ ቁልቋል ውስጥ ወረወረኝ። እሾሁን እናቴ በወረንጦ ስትነቅልልኝ አመሸች። ስድቡ ከእሾሁ ይብስ ነበር።

(ደቻቱ ካነሳሁ አይቀር፦ ድሬ ላይ ፀሐይ ቢወጣም ዴንጌጎ በኩል ከጠቆረ ወንዙ ውስጥ አልገባም። የ1998ቱን ጎርፍ ያየ ሰው ይህን አይጠይቅም።)

የሐረሩ ቀን እንዲህ ሆነ። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ነው፤ ድሬ ደግሞ 1,200 ገደማ። ሐረር በእኩለ ቀን ስደርስ ሞተሩ ቤንዚን በዛበት፣ አጨሰ፣ ተንተባተበ። ካርቡራተሩን ፈትቼ ዋናውን ጄት፣ ያቺን ቤንዚን የምትመጥን ባለቀዳዳ ናስ፣ ከ250 ወደ 230 አወረድኳት። ነፍስ ዘራ! ጀጎል ዙሪያ እያስጮህኩ ዞርኩ። አመሻሽ ላይ ጄቷን ሳልመልስ ወደ ድሬ ወረድኩ።

የተቃጠለውን ሞተር የከፈተልኝ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ሙሴ ይለዋል። ባቡሩ ወርክሾፕ ውስጥ በቶርኖ፣ ብረት በሚቀርጽ ማሽን፣ ያረጀ ሰው ነው፤ ሃያ ዓመት ስጠይቀው ብኖር የሚያውቀውን አልጨርስም። ፒስቶኑን አወጣና በጭስ መውጫው በኩል የተቧጨረውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«ይሄ በጥም ነው የሞተው» አለኝ።

«ቤንዚን እኮ ሞልቼ ነበር ሙሴ።»

«አቦ፣ ታንከሩን ማን ጠየቀህ? እሱ የጠጣውን ነው የማወራው።»

ከዚያ ጠረጴዛው ላይ በጠመኔ እየጻፈ አስረዳኝ። አየር ከፍታ ላይ ይሳሳል፣ ሲሞቅም ይሳሳል። ቱ ስትሮክም ሆነ ሌላ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ ወደ 10 በመቶ ያጣል። ያ ከጅቡቲ የመጣው ሳል በሽታ አልነበረም። ጄቷ ለጅቡቲ የባሕር ጠረፍ ወፍራም አየር የተመጠነች ስለነበረች ድሬ ላይ ቤንዚኑ በዛ። በአንዲት ትንሽ ናስ የሚድን ነገር ነው እኔ በማርሚታ ያከምኩት። ሐረር ላይ ደግሞ ለስስ አየር መጥኜ፣ ወደ ወፍራሙና ወደ ቀዝቃዛው የድሬ ምሽት ወረድኩ። አየሩ በዛ፣ ቤንዚኑ አነሰ፣ ሙቀቱ ከልክ አለፈ።

ይህ አንዱ ነው። ሁለተኛው ቁልቁለቱ ነው። የዘይት ፓምፑን አውልቄ ዘይቱን ከቤንዚን ጋር እየቀላቀልኩ ነበር የምነዳው። እንዲህ ያለ ሞተር ዘይት የሚያገኘው ቤንዚን ሲገባ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ዴንጌጎን በሞተር እየያዝኩ፣ ጋዝ ዘግቼ ነው የወረድኩት። ሞተሩ በፍጥነት ይዞራል፤ የሚገባለት ግን የሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጠው ቆሞ ሲሠራ የሚጠጣው) ጠብታ ነው። ደርቆ ደርቆ ሜዳው ላይ ሲደርስ ሙሉ ጋዝ ሰጠሁት። አሁን ስወርድ ፍሬን እጠቀማለሁ። በየጊዜው ፍሪሲዮን ይዤ ጋዝ እሰጠውና ዘይት አቀምሰዋለሁ። መንገድ ዳር ያሉ ልጆች የማስጮኸው ለእነሱ መስሏቸው ያጨበጭባሉ።

ሦስተኛውን ያገኘነው በጎማ መንፊያ ነው። ሙሴ የካርቡራተሩንና የማርሚታውን አፍ በጎማ ደፍኖ በትንሽ ግፊት፣ 6 ፒ ኤስ አይ ብቻ፣ አየር ሞላበት። ስድስት ደቂቃ መያዝ ነበረበት፤ አንድም አልያዘም። የሳሙና አረፋ ስንቀባው በማግኔቶው (ኤሌክትሪክ አመንጪው) በኩል ያለው የኮሎው፣ የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ማሸጊያ ጎማ («ሲል» የምንለው) ፊቅ ፊቅ ይላል። በዚያ በኩል የማይለካ አየር ይገባ ነበር ማለት ነው። ማርሚታ ከመግዛቴ በፊት ይህን ፈተና ባደርግ ኖሮ ወጪው አንድ «ሲል»ና አንድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ቱ ስትሮክ ገዝቶ ማሻሻያ የሚያምረው ሰው ቢጠይቀኝ መጀመሪያ የምነግረው ይህንኑ ነው። የሚያፈስ ሞተር ላይ የምትጨምረው ጉልበት ሁሉ የሚነክስበትን ቀን ያቀርበዋል።

ሲሊንደሩ መጀመሪያ 66 ሚሊ ሜትር ነው። ጭረቱ በ66.25 አልጠፋም፤ 66.50 ድረስ ሄድን። ከሬቲፊካ፣ ሲሊንደር ከሚያሰፉበት ጋራዥ፣ ሲመለስ ሙሴ የሲሊንደሩን በሮች ጠርዝ በቀጭን የብርጭቆ ወረቀት በእጁ አለዘበው። ካልለዘበ ፋሻው (የፒስቶኑ ቀለበት) ጠርዙ ላይ ተይዞ ይሰበራል። ብዙ ሰው ይህን ይረሳል። ከዚያ አሙቆ ማጥፋት፣ ማቀዝቀዝ፣ እንደገና ማሞቅ። ሁለት ቀን ጋዝ ሳልሰጥ መንዳት ከጾም ይከብዳል።

ማሻሻያ መምረጥ የጀመርነው ሞተሩ ጤነኛ ከሆነ በኋላ ነው። ሙሴ የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «በየትኛው ማርሽ ነው የምትውለው?»

ሁለተኛ አልኩት።

«እንግዲያው ጥርስ ቀንስ።»

የፊቱ ፒኞን (ሰንሰለቱ የሚዞርበት ጥርሳም ክብ ብረት) 13 ጥርስ ነበረው፣ የኋላው 40። ፊቱን 12 አደረግነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ በየማርሹ ወደ 8 በመቶ የሚጠጋ ተጨማሪ የመሳብ አቅም። የጠፋው የመጨረሻው ፍጥነት ነው፤ ለፍየል መንገድ ደግሞ እሱ ምን ያደርጋል? ዋጋው ከማርሚታው ጋር አይወዳደርም። በዚያው ቀን የተራራውን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ቁጭ ብዬ ወጣሁት። ትንሽ አፈርኩ።

ቀጥሎ ሪድ ቫልቭ። ካርቡራተሩና ሞተሩ መሀል ያሉ፣ አየር ሲሳብ የሚከፈቱ፣ ሲመለስ የሚዘጉ ስስ ቅጠሎች ናቸው። የእኔዎቹ ጫፋቸው ተሸራርፎ አይገጥሙም ነበር። ለስለስ ያሉ አዳዲስ አስገባሁ። ለስላሳ ቅጠል በትንሽ ዙር ቶሎ ይከፈታል። ሚኒሞው ተስተካከለ፣ በአንድ ርግጫ መነሳት ጀመረ።

እምቢ ያልኳቸውም አሉ። ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) አስላጭቶ ኮምፕሬሽን፣ የቤንዚንና የአየሩን መታመቅ፣ መጨመር ለዝቅተኛ ዙር ጥሩ ነው፤ አምሮኝም ነበር። ግን ቤንዚን እናውቃለን። ሰልፉ ሲረዝም በጀሪካን እንገዛለን። ጀሪካኑ ውስጥ ነጭ ጋዝ ያለበትን ቀን በአፍንጫም ትለየዋለህ። ነጭ ጋዝ የገባበት ቤንዚን ያለጊዜው ይፈነዳል፤ ኮምፕሬሽን በጨመርክ ቁጥር ደግሞ ይብሳል፤ ፒስቶን ይበሳል። ሲሊንደሩን መቅረጽንም ተውኩት። የጭስ በሩን ከፍ ማድረግ ጉልበቱን ወደ ላይኛው ዙር ነው የሚወስደው፤ ማለትም እኔን ቁልቋል ውስጥ ወደ ከተተኝ ቦታ። ማርሚታ ባይስማማህ ታወልቀዋለህ። የተቆረጠ ሲሊንደር ግን አይቀጠልም።

የፊልትሮው ሳጥን ክዳን ከጅቡቲ ሲመጣ ተነስቶ ነበር፤ አየር እንዲበዛ ብለው። ለድሬ አቧራ ይህ ራስን ማጥፋት ነው። ክዳኑን መለስኩ፣ ስፖንጁን በዘይት አራስኩ፣ ከላዩ የእህቴን ስቶኪንግ አለበስኩት። በየሳምንቱ ሳወልቀው የሚራገፈው አቧራ ያስደነግጣል። (እህቴ ስቶኪንጉ የት እንደደረሰ እስካሁን አታውቅም።) የዘይቱን ልክ ደግሞ በልጄ ጡጦ ነው የምለካው። ለ32 አንድ፣ ማለትም ለ5 ሊትር ቤንዚን 156 ሚሊ ሊትር ያህል ዘይት። ጡጦ ላይ ቁጥር አለ። በሃይላንድ ክዳን እየገመቱ ከመቀላቀል በብዙ ይሻላል።

የፋብሪካውን ማርሚታ መልሼ ስምንት ወር ነዳሁ። ከዚያ ለዝቅተኛና ለመካከለኛ ዙር የተሠራ ሌላ ገዛሁ፤ አያብረቀርቅም፣ ፎቶም የሚነሳበት የለም። ልዩነቱ ግን ተሰማኝ፤ በተለይ አሸዋ ውስጥ ሰምጬ ቀስ ብዬ ስወጣ። አሁን በዚህ ማርሚታ ጄቷ ድሬ ላይ 250፣ ሐረር ከዋልኩ 240። ሁለቱንም በፕላስተር ጠቅልዬ፣ ስማቸውን ጽፌ ወንበሩ ሥር አስቀምጫለሁ። ስመለስ ዴንጌጎ አናት ላይ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር እቀይራለሁ። አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው፤ እዚያ ሻይም አለ።

የሚያብረቀርቀው ማርሚታ ሱቄ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከረመ። ባለፈው ሳምንት አንድ የጅቡቲ ልጅ ዋጋ ጠየቀኝ። የት ልትነዳበት ነው አልኩት። ጅቡቲ ባሕር ጠረፍ፣ ሜዳ አሸዋ ላይ፣ ሙሉ ጋዝ አለኝ። በግማሽ ዋጋ ሰጠሁትና ሦስት ትላልቅ ጄቶች መረቅኩለት።