ዝግ ያለ ፒያኖና ሳይጠፋ የቀረ ኖይዝ ጌት

ድሬዳዋ፣ ከዚራ አካባቢ ባለ አንድ አዳራሽ የፒያኖ ምሽት ነበር። የመክፈቻው ሥራ ሹበርት በ1828 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ሊሞት ሁለት ወር ገደማ ሲቀረው የጨረሰው የቢ ፍላት ሜጀር ሶናታ ነው፣ በሥራዎቹ ካታሎግ ዲ 960። ፒያኒስቷ የመጀመሪያውን ክፍል ከተለመደው አዘግይታ፣ በሜትሮኖም 72 ገደማ (በደቂቃ 72 ምት) ጀመረችው። ስምንተኛው ባር (የሙዚቃ መስፈሪያ) ላይ ግራ እጅ ዝቅተኛው ጂ ፍላት ላይ እጅግ ለስላሳ ትሪል፣ ማለትም የሁለት ጎረቤት ኖታዎች ፈጣን መፈራረቅ፣ ይጫወታል፣ ከዚያ ዕረፍት ይከተላል። ታዳሚው ትሪሉን አልሰማም። የስፒከሩ ድምፅ ቁርጥ አለና የሚቀጥለው ኮርድ ሲመታ ተመለሰ። በየሐረጉ መጨረሻ እንደዚሁ ሆነ። የድምፅ ባለሙያው ገመድ ተነቅሎ እንደሆነ ፈተሹ፤ ገመዱ ደህና ነበር።

ችግሩ የተፈጠረው በሙቀቱ ምክንያት ነው። በግንቦት ድሬ ውስጥ ሰው የሞላበት አዳራሽ ያለ ቬንትሌተር አይታሰብም፤ የቬንትሌተሩ ድምፅ ደግሞ ከፒያኖው ሁለት ሜትር ርቀው ወደቆሙት ማይኮች ይገባል። ባለሙያው ይህን ለማጥፋት ኖይዝ ጌት (ድምፅ ከተወሰነ መጠን ሲወርድ ቻናሉን የሚዘጋ መሣሪያ) አብርተው የሚከፈትበትን መነሻ ከዜሮ በታች 40 ዴሲቤል፣ የመዝጊያ ጊዜውን 100 ሚሊ ሰከንድ ላይ አድርገውታል። ቻናሉ ላይ ከንግግር ፕሮግራም የቀረ ሎው ከትም ነበር፤ ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ይቆርጣል። ለንግግር ሁለቱም ትክክል ናቸው። ያ ጂ ፍላት ግን 46 ኸርዝ ገደማ ነው፤ አንድ ኦክታቭ ከፍ የሚለው አጃቢ ድምፁ እንኳ 92 ላይ ስለሚውል ማጣሪያው ይነካዋል።

ታዲያ ሳውንድ ቼክ ላይ ለምን አልታወቀም? ጣት ለማፍታታት የተጫወተችው ፈጣንና ጠንካራ ነገር ስለነበረ ነው። የፒያኖ ድምፅ መዶሻው ገመዱን ከመታበት ቅጽበት ጀምሮ ይሞታል፤ የቀጭኖቹ ገመዶች ደግሞ ቶሎ ይሞታል። በ96 ፍጥነት ሁለት ምት የሚቆይ ኖታ 1.25 ሰከንድ ይፈጃል፣ በ72 ግን 1.67 ሰከንድ። ፈጣኑ ላይ ጌቱ ሊዘጋ ሲል ሌላ ኖታ ደርሶ ይከፍተዋል፤ ዝግ ሲል የሚደርስለት የለም። የዝግታን ችግር ማየት የሚቻለው ዝግ ብሎ በመጫወት ብቻ ነው።

«ዝግ ማለት የሪክተር ዕብደት ነው» የሚሉ አሉ። የሶቪየቱ ፒያኒስት ስቪያቶስላቭ ሪክተር ይህን ክፍል ከድግሙ (መጀመሪያው ተመልሶ ከሚጫወትበት) ጋር ከ24 ደቂቃ በላይ ይወስድበት ነበር፤ ሌሎች በ20 ደቂቃ ገደማ ይጨርሱታል። ዕብደት ግን አይደለም። ሹበርት የጻፈው «ሞልቶ ሞዴራቶ» (በጣልያንኛ «እጅግ መካከለኛ») ብቻ ነው፣ የሜትሮኖም ቁጥር አላስቀመጠም፤ እንዲህ ያለው ፍጥነት የሚያዋጣው እያንዳንዱ ኖታ እስከሚቀጥለው ድረስ በሕይወት ከቆየ ነው። 

ፕሮግራሙ በማግስቱም ስለሚደገም ፒያኒስቷና ባለሙያው ጠዋት ተገናኙ።

«ጋሼ፣ ትናንት ትሪሉ እርስዎ ጋ ደርሶ ነበር?»

«ዝምታ ነው የደረሰኝ ልጄ። እስቲ አሁን በዚያው በማታው ፍጥነት ተጫወቺልኝ።»

ጌቱ ሙሉ በሙሉ ጠፋ፤ ሎው ከቱ ወደ 30 ኸርዝ ወረደ። ማይኮቹ ከፒያኖው ክዳን ሥር፣ ከገመዶቹ 50 ሳንቲ ሜትር ላይ ተቀመጡ። ርቀት በግማሽ ሲቀንስ ቀጥተኛው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ገደማ ስለሚጨምር፣ ከሁለት ሜትር ወደ ግማሽ ሜትር መቅረብ 12 ዴሲቤል ያስገኛል። ፌደሩ (የቻናሉ ድምፅ መቆጣጠሪያ) በዚያው ልክ ሲወርድ የቬንትሌተሩም ድምፅ አብሮ ወረደ። ከመድረኩ በላይ ያሉት ቬንትሌተሮች ጠፍተው የኋለኞቹ በዝቅተኛው ፍጥነት እንዲዞሩ ተደረገ፤ የፕሮግራሙ መጀመሪያ ሰዓትም አየሩ በረድ እንዲል ወደ ምሽቱ 2 ሰዓት ተገፋ።

ከዚያ ፍጥነቱ በጆሮ ተለካ። እሷ ከዜማው ረጅሙን ኖታ በለስላሳው ትመታለች፤ መጨረሻው ረድፍ የተቀመጠ ሰው ድምፁ ሲጠፋበት እጁን ያነሳል። እጁ ኖታው ሳያልቅ ከተነሳ ወይ ዜማው ጎልቶ መመታት አለበት፣ ወይ ፍጥነቱ ትንሽ መጨመር አለበት። ሁለቱንም አደረገች፦ የቀኝ ትንሽ ጣቷን ከሌሎቹ አከበደች፣ ቴምፖውንም 76 ላይ አደረሰችው። አዲሱ ኖታ የሚመታው ከቀደመው ኖታ መነሻ ጋር ሳይሆን ተዳክሞ ከቀረው ጋር ተመዝኖ ነው፤ አለዚያ ዜማው ይቆራረጣል። ፔዳሉም የሚቀየረው ኮርዱ ከተመታ በኋላ ነው።

ድግሙም ለብቻው ተነሣ። አልፍሬድ ብሬንደልን የመሰሉ ድግሙን የዘለሉ ታላላቅ ፒያኒስቶች አሉ፤ ከዘለሉት ግን ወደ መጀመሪያው የሚመልሱት ባሮች አብረው ይቀራሉ። ያ ለስላሳ ትሪል እነዚህ ባሮች ውስጥ በፎርቲሲሞ (እጅግ ጮክ ብሎ) ይመጣል፣ ሌላ ቦታ እንደዚያ አይመጣም። ለሙዚቃው ሲባል ባይዘለል ይሻላል። ባለሙያው ደግሞ ለስላሳውን ሰምተው ጌይን (የማይኩን ማጉያ) ከፍ ካደረጉ ይህኛው ሲደርስ የቻናሉ ድምፅ ይቀደዳል። ስለዚህ ጌይኑ የተስተካከለው በፎርቲሲሞው ትሪል ነው፤ ለስላሳው በነበረበት ተተወ፣ በወረቀታቸውም ላይ የድግሙ መመለሻ በቀይ እስክሪብቶ ተጻፈ።