ሠላሳ ወር

ጋሼ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ እኛ ቤት ሲያድር መጀመሪያ የሚጠይቀው «ውኃ አለ?» ብሎ ነው። ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ እየነቀነቀ ያያል። ልጅ ሆኜ የውኃ ፈረቃ ያማረረው ይመስለኝ ነበር። ትናንት ማታም እንዲሁ አደረገ። ከዚያ ራት ላይ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ወታደር ሆኖ ወደ ሱዳን የሸሸበትን የከሰላን መንገድ አነሳ። ሳልረሳው ልጻፈው።

የታፈሰው ኅዳር 1981 ነው። ቀበሌ ሱቅ ስኳር ሊያመጣ እንደወጣ ቀረ። ብሔራዊ ውትድርና በሕጉ ስልጠናውን ጨምሮ 30 ወር ነበር። እናቴ ወሩን ትቆጥር ነበር።

ስለ ደቀመሐሬ ግንባር ሲያወራ ውጊያውን ይዘለዋል። ስለ ኮቾሮው፣ ስለዚያ ደረቅ የወታደር ስንቅ፣ ጥንካሬና ስለ ቅማሉ ከሆነ ግን ማብቂያ የለውም። «ለምንድነው የምንዋጋው ብላችሁ አትጠያየቁም ነበር?» አልኩት።

«ማንን አምነህ? ከጎንህ የተኛው ወሬ አቀባይ ቢሆንስ?»

ግንቦት 13 ቀን 1983 ፕሬዚዳንቱ ከአገር መውጣታቸው በሬዲዮ ተነገረ። በሦስተኛው ቀን ሻዕቢያ አስመራ ገባ። ጋሼ ከተበተነው ጦር ጋር በከረን አድርጎ ወደ ሱዳን ነጎደ። መንገድ ላይ ክላሹን በአንድ ኮዳ ውኃ ለወጠ። ኮዳውን ለአምስት ተካፈሉት። አንዱ ጓደኛው «ትንሽ ልረፍና እደርስባችኋለሁ» ብሎ ግራር ሥር ቀረ። ስሙን አልነገረንም።

እኔ የማስታውሰው አዲስ አበባን ነው። በዚያ ክረምት ካኪ የለበሱ ሰዎች በየበሩ ይለምኑ ነበር። እኛ ልጆቹ እንፈራቸዋለን፤ እውነቱን ለመናገር፣ ከሩቅ ሆነን እንሰድባቸውም ነበር። ከትልልቆቹ የሰማነውን ነበር የምንደግመው። እናቴ ዳቦ ስትሰጣቸው ሁሉንም «የት ግንባር ነበርክ?» ትላለች።

ጋሼ በጎንደር በኩል ነሐሴ ላይ መጣ። ግን በቀጥታ ቤት አልገባም። ሰፈሩ መግቢያ ላይ እስኪመሽ ተቀምጦ፣ በጎረቤት ልጅ «ሱሪና ሸሚዝ ላኩልኝ» አስባለ። ካኪውን እናቴ አጥባ የወለል መወልወያ አደረገችው። ምን ታድርግ፣ ጨርቅ ጨርቅ ነው።

በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ የቀድሞው ሠራዊት አባላት ተፈለጉ። ሰባት ዓመት ሙሉ «የደርግ ወታደር» ሲባሉ ኖረው፣ ድንገት ልምድ ያላቸው ሆኑ። ጋሼ ሬዲዮኑን ዘግቶ ወደ ሥራው ሄደ። ሁለት ጓደኞቹ ግን ተመዘገቡ። እንዴት እንዳስቻላቸው እኔ አይገባኝም። እሱ አይፈርድባቸውም። «ሌላ ምን ሥራ አስተማሯቸው?» ይላል።

ዛሬ ጠዋት በጣቴ ቆጠርኩ። ከኅዳር 1981 እስከ ግንቦት 1983 ልክ 30 ወር ነው። ስነግረው ሳቀ።

«በሕጉ መሠረት ነዋ የተሰናበትኩት!» አለና የጀሪካኑን ክዳን አጠበቀ።