በኮቡርግ ጋሻ ላይ ያለው ጥቁር ራስ

አንድ የልጅነት ጓደኛዬ ዘውድ የደፋ አንበሳ ያለበትን የጋሻ ሥዕል በቴሌግራም ልኮልኝ፣ «እዚያ ጀርመን ያለው ቤተሰብ ሁሉ እንዲህ ያለ አርማ አለው አሉ፤ አንተም ዜግነቱን ከወሰድህ ወዲህ አንድ አሠርተህ ላክልንና ሳሎን እንስቀለው» አለኝ። ሥዕሉን ያገኘው ስም እየተቀበሉ አርማ ከሚሸጡ የኢንተርኔት ሱቆች እንደሆነ ያስታውቃል። እነዚህ ሱቆች ስም ሲሰጣቸው፣ ያንኑ ስም ይዞ የኖረ የአንድ ሟች ባላባት ጋሻ ፈልገው በሰሌዳ ላይ ያትማሉ። አርማ ግን በእንግሊዝም ሆነ በጀርመን ልማድ የአንድ ሰውና የተወላጆቹ ንብረት እንጂ ሞክሼ ሁሉ የሚካፈለው ዕቃ አይደለም። የእኛማ ከዚህም ይብሳል፤ ስማችን በየትውልዱ ስለሚለወጥ፣ የጀርመን መዝገብ «የቤተሰብ ስም» ብሎ የጻፈልኝ የአያቴን ስም ነው፤ አያቴ ደግሞ የነበራቸው ጋሻ ከጎሽ ቆዳ የተሠራ እንጂ ሥዕል ያለበት አልነበረም።

ይህን ለጓደኛዬ ስጽፍለት፣ ለአገር ቤት ሰው አውርቼው የማላውቀው አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የመሥሪያ ቤታችን ሠራተኞች በዓመት አንድ ቀን አብረን የምንጓዝበት ልማድ አለ፤ በአንደኛው ዓመት የሄድነው በሰሜን ባቫሪያ ወደምትገኘው ኮቡርግ ነበር። ከገበያው አደባባይ ወጥተን ስንሄድ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ድንገት ቆመና ወደ እግሬ እየጠቆመ፣ «እይ፣ እዚህ አለህ!» አለኝ። ዝቅ ብዬ ሳይ የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳን ነው። ብረቱ ላይ ፀጉሩ የተጠቀለለ፣ ከንፈሩ የወፈረ፣ ጆሮው ላይ ሎቲ ያንጠለጠለ የጥቁር ሰው ራስ በጎን ተቀርጿል። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ስደተኛ ያልፈለገውን ሳቅ መሳቅ ቶሎ ይለምዳልና። አገሬ ላይ ቢሆን ኖሮ የምመልሰው መልስ እዚህ የሚጻፍ አይደለም።

ማታ ቤቴ ገብቼ ነገሩን ሳጣራ ያገኘሁት ግን የጠበቅሁትን አልነበረም። በከተማይቱ አርማ ላይ ያለው ራስ የቅዱስ ሞሪትስ ነው። ሞሪትስ ከላይኛው ግብፅ የተነሣው፣ የቴባን ሌጌዎን የተባለ የሮም ጦር አዛዥ ሲሆን፣ በሦስተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ዛሬ ስዊዘርላንድ በምትባለው ምድር ከወታደሮቹ ጋር በሰማዕትነት እንዳለፈ ይተረካል፤ የኮቡርግ ትልቁ ቤተ ክርስቲያንም የሚጠራው በእርሱ ስም ነው። በጀርመኗ ማግደቡርግ ከተማ ካቴድራል ውስጥ በ1240 ገደማ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የተቀረጸ ሐውልቱ ቆሟል። እርሱ ሎቲም ሆነ የተጋነነ ከንፈር የለውም፤ የሰንሰለት ጥሩር የለበሰ፣ ፊቱ የእኛኑ ሰው የሚመስል ጥቁር ጦረኛ ነው። በ1934 ናዚዎች ይህን ራስ ከኮቡርግ አርማ አውጥተው በምትኩ እጀታው ላይ ስዋስቲካ ያለበት ሰይፍ አስገቡ፤ በ1945 እነርሱ ሲወድቁ ራሱ ወደ ቦታው ተመለሰ። በ2020 ደግሞ ምስሉ ጥቁሮችን ያዋርዳልና ይነሣ የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር። እኔን ብትጠይቁኝ ቅዱሱ ይቆይ፣ አሣሣሉ ይታረም፣ ከጉድጓድ ክዳንም ላይ ይነሣ እላለሁ፤ ሰማዕት የሚረግጡት ነገር አይደለም። ባልደረባዬን በማግስቱ «ያ ራስ የማን ነው?» ብዬ ብጠይቀው አላወቀም።

ከዚያ ወዲህ የየከተማውን ጋሻ ማንበብ ልማዴ ሆነ። የጋሻ አርማ የተጀመረው በ12ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ፈረሰኞች ሁለመናቸውን በብረት እየሸፈኑ በሄዱ መጠን በጦርነትና በግጥሚያ ሜዳ ማን ማን እንደሆነ መለየት ስላስቸገረ፣ እያንዳንዱ በጋሻው ላይ የማይለወጥ ምልክት አኖረ፤ ምልክቱም ለልጅ ልጅ ይተላለፍ ጀመር። ምልክቶቹን በቃሉ አጥንቶ የሚያውቀው አዋጅ ነጋሪ ነበር፤ እንግሊዝ ውስጥ እነዚህ ነጋሪዎች በ1484 በንጉሥ ሪቻርድ 3ኛ ቻርተር የተቋቋመ የራሳቸው ኮሌጅ አላቸው፣ እስከ ዛሬም አርማ የሚሰጡት እነርሱ ናቸው። የጋሻው ቀኝና ግራ የሚቆጠረው ከተመልካቹ ሳይሆን ከተሸካሚው አንጻር ነው። ቀለሞቹም በሁለት ይከፈላሉ፤ ቢጫና ነጭ ወርቅና ብር ስለሆኑ «ብረት» ይባላሉ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁርና አረንጓዴ ደግሞ «ቀለም»። ከሩቅ እንዲለይ ብረት በብረት ላይ፣ ቀለምም በቀለም ላይ አይደረግም። ከዚህ ሕግ ውጪ ከሆኑት ሁሉ ዝነኛው የመስቀላውያኑ የኢየሩሳሌም መንግሥት አርማ ነው፤ ኢየሩሳሌምን ተሳልመው የመጡ እናቶቻችን በሚገባ የሚያውቁት አንድ ትልቅና አራት ትናንሽ መስቀል በወርቅ ሆኖ በብር ላይ ተቀምጧል። ሕጉ ጎን ለጎን ለሚሰመሩ መስመሮች ላላ ይላል ቢባልም፣ የእኛ ባንዲራ አረንጓዴውንና ቀዩን በወርቅ ለይቶ ሲጠብቀው የጀርመኑ ጥቁሩን ከቀዩ ጋር እንዳጋጠመ ለባልደረባዬ ሳልነግረው አልቀረሁም።

ሌላው የሚገርመኝ በባቫሪያ ያለችው የፍራይዚንግ ከተማ ጳጳሳት ጋሻ ነው። በእርሱም ላይ ዘውድ የደፋ ጥቁር ራስ አለ፤ ከ700 ዓመት በላይ የቆየ ቢሆንም የማን ራስ እንደሆነ ሊቃውንቱ እስካሁን አልተስማሙም። ከ1977 እስከ 1982 የሙኒክና ፍራይዚንግ ሊቀ ጳጳስ የነበሩት ቤኔዲክቶስ 16ኛም በ2005 ሮም ላይ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሲሆኑ ያንን ራስ በአርማቸው ላይ አኑረውታል። ከጎኑ ያለው ጓዝ የተሸከመ ድብ የቅዱስ ኮርቢኒያን ነው፤ ቅዱሱ ወደ ሮም ሲጓዝ ድቡ ፈረሱን ስለበላበት ጭነቱን በፈረሱ ፈንታ አሸከመው ይባላል። ተአምር ስናወራ የሚስቁብን ጀርመኖች ይህን በጳጳስ ጋሻ ላይ ስለው እንደሚኖሩ ልብ በሉልኝ።

እንግዲህ ወደዚህ አገር ለመምጣት ለምታስቡ የምለው አለኝ። እዚህ ስድብ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከፈገግታ ጋር ነው፤ ከመቆጣታችሁ በፊት ሰውየውን የገዛ ከተማውን ምልክት ምን እንደሆነ ጠይቁት። የስም አርማ ለሚሸጥላችሁ ገንዘባችሁን አትስጡ። የባላባት መብት በ1919 ሕገ መንግሥት ስለቀረና ድሮም ገበሬውና የእጅ ሙያተኛው ሳይቀር ጋሻ ይይዝ ስለነበር፣ ጀርመን ውስጥ ማንም ሰው የሌላውን እስካልነካ ድረስ የራሱን አዲስ አርማ ማውጣት ይችላል፤ በ1869 በርሊን ላይ እንደተመሠረተው «ሄሮልድ» ያሉ ማኅበራትም መርምረው ይመዘግቡለታል። የመንግሥት አርማ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ የፌዴራሉን ንስር ወይም የክልሎቹን ጋሻ ያለ ፈቃድ መጠቀም በሕግ ያስቀጣል። አንድ ወዳጃችን ምግብ ቤት ሲከፍት ለድምቀት ብሎ ንስሩን ከይሁዳ አንበሳ ጎን በምግብ ዝርዝሩ ላይ አሳትሞ ብዙም ሳይቆይ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰው። ንስሩን አስነሣ። ስለ አንበሳው ከጀርመን በኩል የመጣ ቅሬታ የለም፤ የእኛ ሰዎች ግን ግማሾቹ ዘውዱ ይነሣ፣ ግማሾቹ ዘውዱ ይቆይ እያሉ እስከ ዛሬ በየገበታው ይጨቃጨቁበታል።