ወደ ምድር መሃል በ240 ሰከንድ፦ የመዝናኛ ፓርክ ጉዞ እንዴት እንደነደፍኩ

ሥራውን ስረከብ የተነገረኝ አጭር ነበር። ሰዎች ፉርጎ ላይ ተቀምጠው ከምድር ገጽ እስከ መሃሏ ይወርዳሉ፣ ሲወጡ አንድ ነገር አውቀው ይወጣሉ፣ ጉዞው ከ4 ደቂቃ አይበልጥም። ለወራት ያህል ዋሻ፣ የማዕድን ጉድጓድ፣ የቅሪተ አካል ንብርብርና የከርሰ ምድር ውሃ ስስል ከረምኩ። ስሌቱን የሠራሁት ዘግይቼ ነው፤ መቅደም የነበረበት ግን እሱ ነበር።

ከምድር ገጽ እስከ መሃሏ 6,371 ኪሎ ሜትር ነው። ለ240 ሰከንድ ሲካፈል በሰከንድ 26.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። የአህጉራት ቅርፊት በአማካይ 35 ኪሎ ሜትር ይሆናል ብንል፣ ፉርጎው በ1.3 ሰከንድ ጥሶት ያልፋል። በፍቅር የሳልኩት ሁሉ ያለው እዚያች 1.3 ሰከንድ ውስጥ ነው። ሰው ቁልቁል ከቆፈረው ሁሉ ጥልቅ የሆነው፣ ሩሲያ ውስጥ ኮላ ላይ ያለው ጉድጓድ፣ 12,262 ሜትር ነው፤ በእኛ ፍጥነት ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይሞላም።

ያኔ ያደረግኩት ብዙ ሰው የሚያደርገውን ነው። ቅርፊቱን ወደ ሁለት ደቂቃ ለጠጥኩት፣ የቀረውን አጨናነቅኩት። በኮምፔንሳቶ ክፍል ሠርተን፣ ወንበር ደርድረን፣ ማንትሉን፣ ማለትም ከቅርፊቱ ሥር ያለውን ወፍራም የአለት ንብርብር፣ በቀይና በቢጫ መብራት አንተከተክነው። ወንበሩም በቀስታ እንዲወዛወዝ አደረግን። ከዚያ ልጆች ጠርተን አሳፈርናቸው፤ ሲወርዱ ወረቀትና ከለር ሰጥተን «ያያችሁትን ሳሉልን» አልናቸው።

አንዲት ዘጠኝ ዓመት የሚሆናት ልጅ የሳለችው እስካሁን እኔ ዘንድ አለ። ከክቡ ግማሽ ያህሉ ቡናማ ቅርፊት ነው። ከሥሩ ቀይ ባሕር፣ ባሕሩ ላይ ጀልባ፣ ጀልባው ላይ አራት ሰው። ቀዩን እያሳየሁ «ይሄ ምንድን ነው?» አልኳት። «ላቫ ነዋ፤ በሱ ላይ ነው የሄድነው» አለችኝ።

ተራኪው ግን ማንትል ጠጣር አለት መሆኑን ሁለት ጊዜ፣ ጥርት ባለ ድምፅ ተናግሮ ነበር። ዓይን ቀይ አየ፣ ወንበሩ እንደ ጀልባ ተወዛወዘ፣ ስለዚህ ጆሮ የሰማው ቦታ አጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬን የመራው ይህ ነው፦ ተሳፋሪ የሚያምነው በሰውነቱ የተሰማውን ነው፤ ሰውነቱ የተሳሳተ ነገር ከተሰማው ትረካ አያቃናውም።

ማንትል በእርግጥ ይንቀሳቀሳል፤ ነገር ግን ጠጣር ሆኖ ነው፣ በዓመት ጥቂት ሴንቲ ሜትር፣ ጥፍር በሚያድግበት ፍጥነት ገደማ። የሚቀልጠው በጥቂት ቦታዎች ብቻ፣ ያውም በከፊል ነው። የላይኛው ክፍሉ ዋና ማዕድን ኦሊቪን ሲሆን ቀለሙ አረንጓዴ ነው። ያን ያህል የጋለ አለት ብናየው እንደ ፍም ማብራቱ አይቀርም፤ በዚህ ላይ ከባልደረቦቼ ጋር ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ አረንጓዴውን መረጥን፤ ምክንያቱም «የጋለ» እና «የቀለጠ» በአንድ ሰው አእምሮ ውስጥ አንዴ ከተደባለቁ በኋላ መለየቱ ከባድ ነው። ቀዩ መብራት ወጣ፣ የሞቀ አየር የሚነፍሰው ማራገቢያም ወጣ። ኮላ ላይ በ12 ኪሎ ሜትር ብቻ ሙቀቱ 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሷል፤ ፊት ላይ የሚነፍስ ለብ ያለ አየር ስለዚህ ምንም አይናገርም።

ቅርፊቱስ? ወደ ወረፋው ወሰድነው። ሰው ተሰልፎ የሚጠብቅበትን ኮሪደር ቁልቁል አዘንብለን 35 ሜትር አደረግነው፤ አንድ ሜትር አንድ ኪሎ ሜትር ሆነ። ዋሻዬም፣ ቅሪተ አካሌም እዚያ፣ ገና መግቢያው ላይ ቦታ አገኙ። ከ12ኛው ሜትር አለፍ ብሎ ግድግዳው ላይ 23 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቀዳዳ አለ፤ የኮላ ጉድጓድ ትክክለኛ ስፋት ይኸው ነው። ልጆች እጃቸውን ይከቱበታል፣ ወላጆች «ይህን ያህል ጠባብ ነው?» ይላሉ። ከዚያ በኋላ የቀረው ኮሪደር ጭር ያለ ነው፣ ሰው ደርሶበት አያውቅምና። ከ4 ደቂቃው ጉዞ ይልቅ ብዙ ሰው ስለዚህ ቀዳዳ ሲያወራ ሰምቻለሁ።

ፉርጎው ውስጥ ፍጥነቱ አንድ ወጥ ሆነ። ነገር ግን ማንትል ብቻውን 108 ሰከንድ ያህል ይወስዳል፤ ይህን ሁሉ ጊዜ በአረንጓዴ አለት እንዴት ይሞላል? መልሱ የመጣው ሳይንቲስቶች ራሳቸው ወደዚያ ሳይወርዱ እንዴት አወቁ ብለን ስንጠይቅ ነው። ያወቁት በመሬት መንቀጥቀጥ ሞገድ ነው። አንደኛው ሞገድ አለቱን በሚጓዝበት አቅጣጫ እየገፋና እየሳበ ይሄዳል፤ ሁለተኛው ወደ ጎን እያራገበ ይሄዳል። ፈሳሽ ሁለተኛውን አያሳልፍም።

ስለዚህ ከወንበሩ ሥር ሁለት ሞተር ገባ፣ አንዱ ፊትና ኋላ፣ ሌላው ግራና ቀኝ። ተሳፋሪው ሲነሳ የሚነገረው «ወንበሩን አዳምጡ» ብቻ ነው። 2,890 ኪሎ ሜትር ላይ ማንትሉ አልቆ ፈሳሹ የምድር ውጫዊ እምብርት ይጀምራል፤ የጎኑ ንቅናቄ በአንዴ ይቆማል፣ የፊትና የኋላው ብቻ ይቀራል። ለ85 ሰከንድ ያህል በቀለጠ ብረት ውስጥ ነን። ከዚያ የዴንማርኳ የመሬት መንቀጥቀጥ ተመራማሪ ኢንገ ሌማን በ1936 እ.ኤ.አ. መኖሩን የጠቆመችው ጠጣሩ ውስጣዊ እምብርት ሲደርስ፣ የጎኑ ንቅናቄ ሳሳ ብሎ ይመለሳል።

መጀመሪያ የጎኑን ንቅናቄ በየአምስት ሰከንዱ አንድ ጊዜ እንዲሆን አድርገነው ነበር፤ ግርማ ያለው መስሎኝ። ከሞካሪዎቹ ሦስቱ ፊታቸው ገርጥቶ፣ ግድግዳ ተደግፈው ወረዱ። የሰው ሆድ በጣም የሚታወከው በዚሁ በዝግታ ውዝዋዜ መሆኑን ማወቅ ነበረብኝ። አጭርና ፈጣን አደረግነው፤ ስክሪኑም ከወንበሩ እኩል እንዲንቀሳቀስ አስተካከልን።

የቀረው የተለመደው ሥራ ነበር። አሥራ ሁለት ሰው የሚይዝ ፉርጎ በየ40 ሰከንዱ ሲነሳ በሰዓት 1,080 ሰው ያስተናግዳል፤ አንዱ ቢዘገይ ከኋላው ያለው ሁሉ ይቆማል። ለአደጋ ጊዜ በየክፍሉ ነጭ መብራትና በእግር መውጫ ያስፈልጋል፤ ለእሱ ስንል አንድ የክሪስታል ግድግዳ አፍርሰናል። ዘጠኝ መቶ ቃል የነበረው ትረካም አሥራ አንድ ዓረፍተ ነገር ቀረ።

እንደገና ልጆች ጠራን፣ እንደገና ወረቀትና ከለር። አንድ ልጅ ቅርፊቱን እንደ ክር ባለ ቀጭን መስመር ሣለው። ከሥሩ ወፍራም አረንጓዴ፣ አረንጓዴው ላይ ወዲያና ወዲህ የሚል ጥቅጥቅ ያለ ጭረት። ቀጥሎ ምንም ያልተቀባ ነጭ ቀለበት ተወው፤ መሃሉ ላይ እንደገና ጥቂት ጭረት። ከለር አልቆበት መስሎኝ ነጩን እያሳየሁ ጠየቅኩት።

«እዚህ ጋ ወንበሩ ወደ ጎን መሄድ አቆመ» አለኝ፤ «ውሃ ነገር ነው።»