ዋሽንግተን፦ ከሰሜን እንግሊዝ መንደር የወጣ ስም

ዛሬ አቀርቅረን የዋልንበት የቦልደን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1183 የተጠናቀረ፣ በሰሜን እንግሊዝ ያለችው የደራም ከተማ ጳጳስ የርስትና የግብር መዝገብ ነው። የዋሽንግተን ቤተሰብ አጀማመር እዚያ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዊልያም ደ ኸርትበርን የተባለ ባለርስት ኸርትበርን የተባለውን ርስቱን ለጳጳሱ ለቆ በምትኩ የዋሽንግተንን መንደር ያዘ። ግብሩ 4 ፓውንድ ነው፤ ጳጳሱ ለታላቁ አደን ሲወጣ ደግሞ 4 አዳኝ ውሾች ይዞ መከተል ነበረበት። ርስቱ ሲቀየር የቤተሰቡ መጠሪያም አብሮ ተቀየረ።

የዘር ሐረግ ፈላጊዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ በደቡብ እንግሊዝ፣ ሰሴክስ ውስጥም ሌላ ዋሽንግተን የሚባል መንደር አለ። ስም ስለተመሳሰለ ብቻ ዝምድና አይቆጠርም። ከዛሬ ተነስታችሁ ትውልድ በትውልድ ወደ ኋላ ሂዱ። በእንግሊዝ የአጥቢያ መዝገብ (ጥምቀት፣ ጋብቻና ቀብር የሚጻፍበት የቤተ ክርስቲያን መዝገብ) መያዝ የታዘዘው እ.ኤ.አ. በ1538 ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው በርስትና በኑዛዜ ሰነድ ይፈለጋል። ዌሲንግተንና ዋሲንግተን የሚሉትን አጻጻፎችም ሞክሩ፣ አለዚያ ግማሹ ያመልጣችኋል።

አሜሪካ ላይ መንገዱ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000ው የሕዝብ ቆጠራ ስሙን ከያዙት ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ጥቁሮች ናቸው። የብዙዎቹን ሐረግ ለመከተል መነሻው ደራም ሳይሆን የ1870 ቆጠራ ነው፤ ከባርነት ነፃ የወጡት ሁሉ በየስማቸው የተመዘገቡበት የመጀመሪያው አገር አቀፍ ቆጠራ እሱ ነውና።